የመንገድ ዳር ሱቅ ፎቅ ሲሆን፤ ደረጃው የማንን ሱቅ ይበላል?

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ለሁለቱም ከተሞች የገበያ የደም ሥር ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታዩት ቆርቆሮ ክዳንና የጋራ ግድግዳ ያላቸው ባለ አንድ ወለል ሱቆች፣ ከፊት ንግድ ከኋላ ጓሮና ማድ ቤት ናቸው። በከተማው ውድ የሚባለው መሬት ይኸው ሆኖ ሳለ፣ ከቆርቆሮው በላይ ያለው ቦታ ጥቅም አይሰጥም። ሱቆቹን አፍርሶ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ያለው ሕንጻ መሥራት ባለሀብቱን የሚያጓጓውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ስሌቱ የሚጀምረው ከሲሚንቶና ከብረት ሳይሆን ከባለይዞታው ነው።

ባለይዞታው ማን ነው?

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩትን ቤቶች ለቀበሌ ሰጥቷል። በዚህም የተነሣ በአንድ መስመር ላይ የግል ሱቅ፣ የቀበሌ ሱቅና በኋላ በሊዝ የተያዘ ቦታ ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። የቀበሌ ሱቅ ተከራይ የሚሸጠው ይዞታ የለውም፤ ደላላ ቢያሳየውም ገዢው የሚረከበው ካርታ አይኖርም። የግል ነባር ይዞታም ቢሆን ከውርስ ውጭ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ወደ ሊዝ ይገባል። ስለዚህ ሱቅ የሚገዛ ሰው ለሻጩ የሚከፍለውን ብቻ ሳይሆን የሊዙንም ክፍያ ማስላት ይኖርበታል። ሕጉ በክልል ከተሞች ለመኖሪያ 99፣ ለንግድ 70 ዓመት የሊዝ ዘመን ስለሚያስቀምጥ፣ ለቅይጥ ሕንጻ በውሉ የሚጻፈው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

60 ሳንቲ ሜትር

ለምሳሌ ያህል እያንዳንዳቸው 4 ሜትር ፊት ያላቸው አምስት ሱቆች በጠቅላላው 20 ሜትር የመንገድ ዳር ይይዛሉ። ወደ ላይ የሚወጣው ደረጃና መግቢያው 3 ሜትር ቢወስዱ የሚቀረው 17 ሜትር ነው። በቀድሞው ስፋት ከሄዱ አራት ሱቅ ይወጣል፤ አምስተኛው ባለቤት ሱቁን ያጣል። ጉዳቱን በእኩል ከተካፈሉት ግን እያንዳንዱ ሱቅ 3 ሜትር ከ40 ይሆናል፤ የሁሉም ኪሣራ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ስምምነት በቃል ብቻ ቀርቶ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ የሚነሣ ከሆነ ጎረቤትን ፍርድ ቤት ያደርሳል።

የመርካቶ ነጋዴዎች በ1990ዎቹ ቦታቸው ለሌላ አልሚ እንዳይሰጥ ሲሰጉ አክሲዮን ማኅበር እያቋቋሙ ነባር ሱቆቻቸውን በገበያ ሕንጻ ተክተዋል። ከታች ሱቁን፣ ከላይ መኖሪያውን በተለያየ ስም ለመያዝ ደግሞ የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መንገድ ከፍቷል። በዚህ አዋጅ ሱቁና መኖሪያው የየግል፣ ደረጃውና ጣሪያው የጋራ ይሆናሉ።

ስንት ፎቅ ያዋጣል?

በመንግሥት የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም የምድር ቤት ሱቆች በጨረታ የተሸጡት ገቢያቸው የመኖሪያውን ወጪ እንዲደግፍ ጭምር ነበር። ይህ አሠራር በቢቸናና በሞጣ ይበልጥ ይሠራል። ፎቅ ላይ የሚከራዩት በአብዛኛው የመምህር፣ የጤና ባለሙያና የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ደመወዝ ያላቸው ሲሆኑ፣ የቤት ኪራዩም ከዚያ ደመወዝ ሊበልጥ አይችልም። ስለሆነም የላይኛውን ወለል ዕዳ የሚከፍለው የታችኛው ሱቅ ነው።

ከፍታም ዋጋ አለው። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከ12 ሜትር በላይ የሆነን ሕንጻ ጥብቅ ሙያዊ ቁጥጥር በሚጠይቀው ምድብ «ሐ» ውስጥ ያስገባል። ምድር ቤቱ 4 ሜትር፣ እያንዳንዱ ፎቅ 3 ሜትር ቢሆን ጂ+2 ሕንጻ 10 ሜትር፣ ጂ+3 ደግሞ 13 ሜትር ይሆናል። አንድ ፎቅ መጨመር የግንባታውን ወጪ ብቻ ሳይሆን ምድቡንም ይለውጣል። ፎቅ ላይ ውኃ የሚያወጣ ፓምፕና ታንከር፣ በጓሮ ጉድጓድ ምትክ የሚሠራው የፍሳሽ ማጠራቀሚያም የሚታሰቡት በዚሁ ነው።

የጊዜው ሁኔታ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ከውጭ በሚገባ ጥሬ ዕቃ የሚሠራውን ብረት አስወድዷል። ከሙገርና ከደርባ የሚነሣው ሲሚንቶ ቢቸና ለመድረስ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለበት፤ በ2015 ክረምት በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ለጭነት መኪና መንገዱን አስተማማኝ እንዳይሆን አድርጎታል። ግንባታ በተጓተተ ቁጥር ደግሞ ባለሱቁ ያለ ገቢ ይቆያል፤ ደንበኛውም ሌላ ሱቅ ይለምዳል።

በመሆኑም ቆርቆሮው ከመነሣቱ በፊት ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ማለቅ አለባቸው። እነርሱም የእያንዳንዱ ባለይዞታ የአዲሱ ሱቅ ስፋት፣ ግንባታው እስኪያልቅ ንግዱ የሚቆይበት ጊዜያዊ ቦታ እና የሱቆቹ ኪራይ ሊሸከመው የሚችለው የፎቅ ብዛት ናቸው። ሦስቱን ያልመለሰ ባለሀብት ገቢ የሚያስገባ ሱቅ አፍርሶ ገቢ የሌለው ምሰሶ ይዞ ሊቀር ይችላል።