ቋንጣ በአዘዞ ቤቶች፦ የጨው መጠን፣ የዝልዝል ውፍረትና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

በአዘዞ፣ እንደ ሌላው የጎንደር አካባቢ ሁሉ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ በቅርጫ የተከፈለ የበሬ ሥጋ በጥቂት ቀናት ተበልቶ አያልቅም። ማቀዝቀዣ በሌለው ቤት የተረፈው ቀይ ሥጋ ተዘልዝሎ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ፣ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ቋንጣ ይሆናል። ሥራው ያለ ሚዛንና ያለ ቴርሞሜትር በልምድ ብቻ የሚከናወን ሲሆን፣ ይህ ጽሑፍ ልምዱ የተመሠረተበትን ምክንያትና አደጋው ያለበትን ደረጃ ያብራራል።

ሥጋን በረጅሙ ቆርጦ፣ ቀምሞና አንጠልጥሎ ማሰናዳት በሌላም ዓለም የታወቀ ነው። የደቡብ ቻይናው ቻር ሲው፣ ትርጓሜውም በካንቶንኛ «በሹካ የተጠበሰ» ማለት ሲሆን፣ በማር፣ በአኩሪ አተር ስጎና በአምስት ቅመም ተዘፍዝፎ ምድጃ ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚጠበስ የአሳማ ሥጋ ነው። የአሳማ ሥጋ በአዘዞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የማይበላው በመሆኑ ንጽጽሩ የሚጠቅመው ለአሠራሩ ብቻ ነው። ቻር ሲው ተሕዋስያንን የመግደሉን ሥራ ወዲያውኑ ለእሳት ይሰጣል። ቋንጣ ግን እሳት የሚያገኘው ከቀናት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ጠባቂው የውሃ እጦት ነው።

ይህን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ከ1 ኪሎ ግራም ቀይ ሥጋ ውስጥ 750 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። 30 ግራም ጨው ቢታሽበት በሥጋው ውስጥ የሚፈጠረው የጨው ውህድ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ይህ ብዙዎቹን ባክቴሪያዎች አይገታም። ሥጋው ደርቆ 100 ግራም ውሃ ብቻ ሲቀረው ግን ያው 30 ግራም ጨው ወደ 23 በመቶ ይደርሳል። ጨው ውሃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችልበት ጣሪያ 26 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ቋንጣን የሚያቆየው ጨው ብቻውን ወይም ድርቀት ብቻውን ሳይሆን፣ ድርቀቱ ጨውን ማጠንከሩ ነው።

አደጋው ያለው በሁለቱ ጫፎች መካከል ነው። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ባክቴሪያ በሰው እጅና አፍንጫ የሚገኝ፣ ጨውንም ከሌሎች ይልቅ የሚቋቋም ነው፤ ሊራባ የሚችለውም የውሃ አክቲቪቲ እስከ 0.86 እስኪወርድ ድረስ ነው (የጥሬ ሥጋ 0.99 ገደማ ነው)። የሚያመነጨው መርዝ በመፍላት አይጠፋም። ስለሆነም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሸተተ ወይም ያሟለጨ ዝልዝል በኋላ ፍርፍር ውስጥ ቢንተከተክም አይድንም። ብዙ ቤቶች «እሳት ያየ ሁሉ ንጹሕ ነው» ብለው የሚያልፉት ነጥብ ይኸው ነው።

የመድረቂያውን ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ውፍረት ነው። ውሃ ከሥጋው መሐል ወደ ውጭ የሚወጣው በዝግታ እየሰረገ በመሆኑ፣ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በዚህ መሠረት የ2 ሴንቲ ሜትር ዝልዝል የ1 ሴንቲ ሜትሩን አራት እጥፍ ጊዜ በአደጋው ክልል ውስጥ ይቆያል። ቀጥተኛ ፀሐይም እንደሚታሰበው አይረዳም፤ ላዩን ቶሎ አጠንክሮ የውስጡን እርጥበት ይቆልፋል። ጥላ ያለበትና ነፋስ የሚያሳልፍ ክፍል ይመረጣል። ጮማው የሚነሣው ደግሞ ስብ እንደ ቀይ ሥጋ ስለማይደርቅና አየር ሲያገኘው ስለሚጎመዝዝ ነው። በርበሬው ጣዕምና ቀለም ከመስጠቱ ባሻገር ዝንብ ያርቃል ቢባልም፣ የሻሽ መጋረጃን አይተካም።

ወቅቱም ይወስናል። አዘዞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ሲሆን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አየሯ ደረቅ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን እርጥበት ያዘለ አየር የሥጋውን ውሃ ለመቀበል ቦታ የለውም፤ በክረምት ከምድጃ በላይ መስቀል የተለመደውም ስለዚህ ነው። ሙቀቱ እርጥበቱን ይቀንሳል፣ ጢሱም ላዩን ይጠብቃል።

አንድ ነገር ግን በድርቀት ላይ ሊጣል አይገባም። የኮሶ ትል እጭ በበሬ ጡንቻ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ በቤት ውስጥ የሚደረገው አደራረቅ እንደሚገድለው ዋስትና የለም። እጩ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት፣ ወይም ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ቢያንስ ለ10 ቀናት በማቀዝቀዝ ይሞታል። በአዘዞ ከፍታ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ፍርፍሩ ወጥ ውስጥ በደንብ የበሰለ ቋንጣ ለዚህ በቂ ሙቀት ያገኛል። ልጆች ከገመድ ላይ እየበጠሱ በጥሬው የሚቆረጥሙት ግን አያገኝም።