በ75 ሺህ ዶላር የተገዛው የኮምፒዩተር ገበያ
የኦፕሬቲንግ ሲስተም ታሪክ ከንግድ ዓይን ሲታይ

በጁላይ 1981 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሲያትል አካባቢ የሚገኙ ሁለት አነስተኛ ኩባንያዎች አንድ የሽያጭ ውል ተፈራረሙ። ሻጩ ሲያትል ኮምፒዩተር ፕሮዳክትስ ሲሆን ገዢው ማይክሮሶፍት ነበር። የተሸጠው 86-ዶስ የተባለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት አስቀድሞ ለፈቃድ ከከፈለው 25 ሺህ ዶላር ሌላ 50 ሺህ ዶላር ጨምሮ መብቱን ጠቅልሎ ወሰደ። ገዢው ለዕቃው የተዘጋጀ ትልቅ ደንበኛ በእጁ ነበረው። መጀመሪያ ፈቃዱን ሲገዛ ደንበኛው አይ.ቢ.ኤም. መሆኑን ለሻጩ አልነገረውም።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው በኮምፒዩተሩ አካልና ተጠቃሚው በሚፈልጋቸው ፕሮግራሞች መካከል የሚቆም ሶፍትዌር ነው። የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም ከፕሪንተሩ፣ ከዲስኩና ከማስታወሻው ጋር በቀጥታ አይነጋገርም፤ ጥያቄውን ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያቀርባል፣ እርሱም ያስፈጽምለታል። ደላላ ሁለቱን ወገኖች ካገናኘ በኋላ ዞር ይላል። ይህኛው ግን ማሽኑ እስካልጠፋ ድረስ ከመካከል አይወጣም፤ የገበያ ጉልበቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

መጀመሪያ ላይ ግን ዋጋ የሚወጣለት ዕቃ አልነበረም። በ1956 ጄኔራል ሞተርስና ኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን ለአይ.ቢ.ኤም. 704 ኮምፒዩተር የሠሩት ፕሮግራም ከመጀመሪያዎቹ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች አንዱ ሲሆን፣ የሠሩትም ደንበኞቹ ራሳቸው ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የማሽኑ ኪራይ እጅግ ውድ ነበር፤ ኦፕሬተሩ አንዱን ሥራ አውርዶ ሌላውን እስኪጭን ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ሥራዎችን ደርድሮ በተራ የሚያስገባው ባች የተባለው ዓይነት የመጣው ይህን ኪሣራ ለመቀነስ ነው። በ1961 በኤም.አይ.ቲ. የታየው ታይም ሼሪንግ ደግሞ የአንዱን ማሽን ጊዜ ለብዙ ተጠቃሚዎች እየቆራረሰ ማከፋፈል ጀመረ። አይ.ቢ.ኤም. በበኩሉ ሶፍትዌርን ከማሽኑ ጋር እንደ ምርቃት ይሰጥ ነበር። ሶፍትዌርን ለብቻው ዋጋ ሊያወጣለት መወሰኑን ያስታወቀው በ1969 ሲሆን፣ ሶፍትዌር ራሱን የቻለ ንግድ እንዲሆን መንገዱን የከፈተው ይኸው ውሳኔ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ 1981ዱ ውል እንመለስ። አይ.ቢ.ኤም. ወደ ግል ኮምፒዩተር ገበያ ለመግባት ሲቻኮል በዘመኑ የታወቀው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጋሪ ኪልዳል በ1974 የፈጠረው ሲ.ፒ.ኤም. ነበር። አይ.ቢ.ኤም. ከኪልዳል ኩባንያ ከዲጂታል ሪሰርች ጋር ያደረገው ድርድር ባለመሳካቱ ዕድሉ ለማይክሮሶፍት ተረፈ። ማይክሮሶፍት የገዛው 86-ዶስ፣ ቲም ፓተርሰን የተባለው ኢንጂነር ለአዲሱ ፕሮሰሰር የሚሆን ሲ.ፒ.ኤም. እስኪወጣ መጠበቅ ታክቶት በችኮላ የጻፈው ነበር።

ለነጋዴ የሚጠቅመው ግን የአይ.ቢ.ኤም.ና የማይክሮሶፍት ውል ነው። ማይክሮሶፍት በእያንዳንዱ ማሽን ሮያሊቲ ልቁጠር አላለም። በተወሰነ ክፍያ ተስማምቶ በለውጡ አንድ መብት አስቀረ፤ ይኸውም ያንኑ ሶፍትዌር ለሌሎች አምራቾች የመሸጥ መብት ነው። አይ.ቢ.ኤም. ትርፉ ያለው በብረቱ ላይ ነው ብሎ ስላመነ አልተቃወመም። ማሽኑ በኦገስት 1981 ገበያ ላይ ሲወጣ ዶስ በ40 ዶላር፣ ዘግይቶ የደረሰው ሲ.ፒ.ኤም. ደግሞ በ240 ዶላር ቀረቡ። የዚህ ውድድር ውጤት ገና ከዋጋው ይታወቅ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ኮምፓክ ከአይ.ቢ.ኤም. ጋር የሚመሳሰል ማሽን ሠርቶ በ1983 ብቻ የ111 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ አካሄደ። ሌሎችም ተከተሉ። ማሽን ሠሪዎቹ እርስ በርስ ዋጋ እየሰበሩ ሲጎዳዱ ሁሉም ዶስን የሚገዙት ከአንድ ሻጭ ነበር። ማይክሮሶፍት በማርች 1986 አክሲዮኑን በ21 ዶላር ለሕዝብ ሸጠ። ሲያትል ኮምፒዩተር በዚያው ዓመት ከክስ በኋላ በስምምነት ያገኘው ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶላር ብቻ ነው።

ኪልዳልም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ኩባንያው በ1988 ዲ.አር.-ዶስ የተባለ ተፎካካሪ አወጣ፤ በጥራትም የሚያማ አልነበረም። ይሁን እንጂ ማይክሮሶፍት በዚያን ጊዜ ለአምራቾች ያቀርብ የነበረው ውል ክፍያውን በተላከው ኮምፒዩተር ቁጥር ልክ የሚያሰላ ነበር። አምራቹ በማሽኑ ላይ የሌላ ኩባንያ ሲስተም ቢጭንም ለማይክሮሶፍት መክፈሉ አይቀርለትም። ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ መክፈል የሚፈልግ ነጋዴ ደግሞ የለም። የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ይህን አሠራር በ1994 በስምምነት አስቆመው። ኪልዳል በዚያው ዓመት በ52 ዓመቱ አረፈ። ከጊዜ በኋላ የዲ.አር.-ዶስ ባለቤት የሆነው ካልዴራ ያቀረበው ክስ በ2000 በስምምነት ሲዘጋ ማይክሮሶፍት 280 ሚሊዮን ዶላር መክፈሉ ከዓመታት በኋላ ይፋ ሆኗል። ዊንዶውስ 95 ከአራት ዓመት በላይ ካስቆጠረ በኋላ የመጣ ካሣ መሆኑ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውጪ በሌላ መንገድ ያደገ ዘር አለ። ዩኒክስን ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ጀመሩት። ባለቤቱ ኤ.ቲ.ኤንድ ቲ. በ1956 በገባው የፍርድ ቤት ስምምነት ከቴሌፎን ውጪ እንዳይነግድ ታግዶ ስለነበር ዩኒክስን ለዩኒቨርሲቲዎች በስም ብቻ ክፍያ በሚባል ዋጋ አደለ። ኩባንያው በ1984 ተከፋፍሎ እገዳው ሲነሳለት ግን ወደ ንግዱ ገባ፤ ፈቃዱም ተወደደ። የፊንላንዱ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የለቀቀው ሊኑክስ ተቀባይነት ያገኘው የዩኒክስን ጥቅም የለመደ፣ ዋጋው ግን የከበደው ብዙ ሰው ስለነበረ ጭምር ነው። ነጻ ዕቃ አያተርፍም ለሚለው መልስ የሰጠው ሬድ ሃት ነው። የሚሸጠው የጥገናና የድጋፍ አገልግሎትን ነው። አይ.ቢ.ኤም. በ2019 ይህንን ኩባንያ በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። በ1981 የኦፕሬቲንግ ሲስተምን ባለቤትነት ለሌላ የተወው ያው ኩባንያ ነው።

በስልክ ገበያም ታሪኩ ሌላ መልክ ይዟል። ጎግል በ2005 የገዛውን አንድሮይድ ለአምራቾች በነጻ ሰጠ። ነገር ግን የጎግልን የመተግበሪያ መደብር የሚፈልግ አምራች የጎግልን ፍለጋና የኢንተርኔት ማሰሻ አብሮ እንዲጭን ይገደድ ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2018 በዚህና በመሳሰለው 4.34 ቢሊዮን ዩሮ የቀጣው ሲሆን፣ ፍርድ ቤት በ2022 ቅጣቱን ወደ 4.125 ቢሊዮን ዝቅ አድርጎታል። ነጻ የተባለው ዕቃ ዋጋው ሌላ ቦታ ይከፈል ነበር ማለት ነው።

ለእኛ አገር ገበያ ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። በዶስና በቀደሙት ዊንዶውሶች ዘመን የአማርኛ ጽሕፈት ሶፍትዌር የሚያዘጋጁ ሁሉ የየራሳቸውን የፊደል ኮድ ስለሚጠቀሙ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ከተመዘገበና ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ከመጣ በኋላ ነው ችግሩ እየቀለለ የሄደው።

አሁን ደግሞ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችን የሚያስመጣና የሚገዛ ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11ን በደንቡ ለመጫን ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የጥበቃ ክፍል ያስፈልጋል፤ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነም በጥቂቱ በስተቀር 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ከዚያ በታች የሆነ ማሽን ዋጋው ረክሶ ቢቀርብ አያስደንቅም። በዊንዶውስ 10 መቆየት ለሚፈልግ ድርጅት ማይክሮሶፍት ያወጣው የተራዘመ የጥበቃ ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት በአንድ ኮምፒዩተር 61 ዶላር ሲሆን፣ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ እስከ ሦስት ዓመት ይዘልቃል። ሊኑክስ መጫን በነጻ ነው፤ የሂሳብ ፕሮግራሙ በሊኑክስ ላይ መሥራት አለመሥራቱን ግን ከግዢው በፊት ባለሙያ መጠየቅ ያሻል።