የፕላዝማ መቁረጫና ያልደረቀ ንፋስ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ እንዲሁም በዙሪያቸው ባሉት የምዕራብ ጎጃም የገጠር ከተሞች፣ የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች የፕላዝማ መቁረጫን የሚመርጡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እንደ ኦክስጅንና አሲትሊን ሲሊንደር ማመላለስና ማስሞላት አይጠይቅም፣ በግራይንደር ዲስክ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ቆረጣ በአጭር ጊዜ ይጨርሳል፣ ቀጭን ላሜራንም በሙቀት ብዙ አያጣምምም። ነገር ግን ከዚሁ ምቾት የተወለደ አንድ የተሳሳተ እምነት በሙያው ውስጥ ሥር ሰዷል፤ ይኸውም መሣሪያው የሚሠራው በመብራትና በንፋስ ብቻ ስለሆነ፣ ንፋሱም ጎማ ከሚሞላበት ንፋስ የተለየ ስላልሆነ፣ ቆረጣው ሲበላሽ ጥፋቱ መፈለግ ያለበት በመብራቱ በኩል ነው የሚል ነው። እምነቱ ኤሌክትሮድና ኖዝል ያለ ጊዜያቸው ከማስጨረስ አልፎ የሰውን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ መሆኑ ግን እስካሁን የሚገባውን ያህል ትኩረት አላገኘም።

ፕላዝማ ማለት ጋዝ እጅግ ከመጋሉ የተነሣ አተሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን እየለቀቁ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍበት ሁኔታ ሲሆን፣ ቶርች በተባለው የመቁረጫው እጀታ ጫፍ ባለችው የኖዝል ቀዳዳ ተጨምቆ ሲወጣ ሙቀቱ ከ20,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊበልጥ ይችላል። ሮበርት ጌጅ በአሜሪካ የፈጠራ መብቱን ባገኘበት በ1957 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለዚህ ሥራ የሚውሉት እንደ አርጎንና ናይትሮጅን ያሉ ጋዞች ነበሩ፤ ምክንያቱም በዘመኑ ኤሌክትሮድ የሚሠራበት ተንግስተን በአየር ውስጥ ያለውን ኦክስጅን መቋቋም አይችልም ነበር። በተራ አየር መቁረጥ የተቻለው እንደ ሃፍኒየም ያለ ኦክስጅንን የሚቋቋም ብረት በመዳቡ ኤሌክትሮድ ጫፍ ላይ እንደ ትንሽ ፍሬ መተከል ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ ንፋሱ ብረቱን ቆርጦ የሚያልፈው የፕላዝማ ጄት ራሱ ነው፤ የቀለጠውን ብረት ጠርጎ የሚያወጣውም፣ ቶርቹን የሚያቀዘቅዘውም እርሱ ነው።

የበቆሎ መፈልፈያ የሚሠሩ ቤቶች ሥራ የሚበዛባቸው መኸሩ ከመድረሱ በፊት፣ አየሩ ውሃ በጠገበበት ወቅት ነው። በቡሬ በአንድ ሥራ ቤት በነሐሴ ወር የተከሰተው ነገር የተለመደውን ስሕተት ከነሰንሰለቱ ያሳያል። ኤሌክትሮዱ ከወትሮው ቀድሞ ማለቅ ሲጀምር ዕቃው የውሸት ነው ተብሎ ሻጭ ተለወጠ፤ ያም ሳይበጀው ሲቀር ለ40 አምፔር በተሠራ ኖዝል ላይ አምፔሩ ወደ 50 ከፍ ተደረገ፤ በመጨረሻም ንፋስ ያፍናል ተብሎ ማጣሪያው ተፈታ። ኖዝሉን በየጊዜው የሚቀይረው ወጣት ሠራተኛ መሣሪያውን ማጥፋት ሥራ ማጓተት መስሎ ስለታየው፣ በእርጥብ ጫማ እንደቆመ ቶርቹን ሲፈታ መብራት ያዘው። ወጣቱ በሕይወት ተርፏል፤ ነገር ግን ከዚያም በኋላ በዚያ ቤት ንፋሱን አምቆ ስለሚልከው ኮምፕረሰር ታንክ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ታንኩ ውስጥ ያለውን ነገር በስሌት ማወቅ ይቻላል። የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም 80 በመቶ በሆነበት የክረምት ቀን እያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር 14 ግራም ገደማ የውሃ ተን ይይዛል። በደቂቃ 150 ሊትር አየር የሚወስድ መቁረጫ ለአንድ ሰዓት ያለማቋረጥ ቢሠራ 9 ሜትር ኩብ አየር፣ ከርሱም ጋር ወደ 126 ግራም የሚጠጋ ውሃ፣ ይስባል። ኮምፕረሰሩ ይህን አየር እስከ 8 ባር ሲያምቀው ይዘቱ ከአንድ ሜትር ኩብ በታች ይወርዳል፤ በዚያው የሙቀት መጠን አንድ ሜትር ኩብ አየር ከ17 ግራም ብዙም ያልበለጠ ተን ብቻ ስለሚሸከም፣ ከ100 ግራም የሚበልጠው ወደ ፈሳሽነት መመለሱ አይቀርም።

ባለሙያዎችን ደጋግሞ የሚያሳስተው ይህ ውሃ የሚወርድበት ቦታ ነው። ሲሠራ የዋለ ኮምፕረሰር የሚያወጣው አየር ትኩስ ስለሆነ ብዙውን ውሃ በተን መልክ ይዞ ይወጣል፤ የተለመደው ማጣሪያ ደግሞ የሚይዘው ጠብታን እንጂ ተንን ስላልሆነ፣ በኮምፕረሰሩ አፍ ላይ የተገጠመ ማጣሪያ ብርጭቆው ደረቅ ሆኖ እየታየ ውሃው በላዩ አልፎ ይሄዳል። አየሩ በረጅሙ ቱቦ ሲጓዝ ይቀዘቅዝና ጠብታው ከማጣሪያው ወዲያ፣ በቶርቹ ውስጥ ይፈጠራል። እዚያም የኤሌክትሪክ ቅስቱን፣ ማለትም አርኩን፣ ያናውጠዋል፤ የተናወጠው አርክ በቀዳዳው መካከል ማለፉን ትቶ የኖዝሉን ግድግዳ ይመታል፣ ክቧ ቀዳዳ ሞላላ ትሆናለች፣ ቁርጡ ይንጋደዳል፣ ከላሜራው ሥርም የደረቀ የብረት ዝቃጭ ይንጠለጠላል። የሃፍኒየሙ ፍሬ ጉድጓድ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ ኤሌክትሮዱ መቀየር አለበት የሚለው የተለመደ መለኪያም በእርጥብ ንፋስ እጅግ ፈጥኖ ይደርሳል።

የአካባቢው ከፍታ ችግሩን ያባብሰዋል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከ1,900 እስከ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። ኮምፕረሰሩ የሚስበው ይዘት ባይለወጥም በውስጡ ያለው የአየር ክብደት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ በርካሽ ኮምፕረሰሮች ላይ የሚጻፈው ቁጥር ፒስተኑ የሚስበው እንጂ በእርግጥ የሚያስረክበው መጠን አይደለም። በመሆኑም ለጎማ መሙያ የበቃ ኮምፕረሰር ለመቁረጫ ሲውል ሞልቶ ማረፍ አይችልም፤ ሳያርፍ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ተኑን ይበልጥ ይዞ ይልካል። ቶርቹ በማይተነፍስበት ጊዜ 5 ባር የሚያሳየው ጌጅ በቆረጣ መካከል ወደ 3 ሊወርድ ስለሚችል፣ ግፊት መነበብ ያለበት ንፋስ እየወጣ እያለ ነው። ባለጄኔሬተር ሥራ ቤቶችም የሞተሩ ጉልበት በዚህ ከፍታ በዚያው ልክ እንደሚቀንስ ማስላት ይኖርባቸዋል።

ደረቅ ንፋስ የደኅንነት ጉዳይ የሚሆነው ኖዝል ቶሎ ቶሎ በተቀየረ ቁጥር የሠራተኛው እጅ ወደ ቶርቹ ጫፍ የሚሄድበት ጊዜ ስለሚበዛ ነው። የተለመደው የብየዳ ማሽን ሥራ ላይ ሳይሆን የሚሰጠው ቮልቴጅ ከ60 እስከ 80 ሲሆን፣ የእጅ ፕላዝማ መቁረጫ ግን ከ200 እስከ 300 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በብየዳ ያደገ ሠራተኛ ይህን ልዩነት ስለማያስተውል፣ ቶርቹን የብየዳ ኤሌክትሮድ እንደመለወጥ ቀላል አድርጎ ይነካዋል። ክዳኑ ሲፈታ አርኩን የሚያግድ መከላከያ በርካሽ መሣሪያዎች ላይ ላይኖር ስለሚችል፣ ዋናው ማብሪያ ሳይጠፋ ቶርች መፈታት የለበትም፤ የመሣሪያው አካልም ኧርዝ ከሌለው ሶኬት ጋር መገናኘት የለበትም። መሣሪያው የሚጠፋው ደግሞ ከቆረጣ በኋላ ቶርቹን የሚያቀዘቅዘው ንፋስ ራሱ እስኪቆም ከተጠበቀ በኋላ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አየሩ ማጣሪያ ሳይደርስ እንዲቀዘቅዝ ከኮምፕረሰሩ እስከ መቁረጫው በግድግዳ ላይ ጥቂት ሜትር የብረት ቧንቧ ተዳፋት ይዞ ይዘረጋል፤ በዝቅተኛው ጫፍ የውሃ ማፍሰሻ ይገጠማል፣ ወደ መሣሪያው የሚሄደው ቅርንጫፍም ከቧንቧው ጀርባ በላይ በኩል ይወጣል። ማጣሪያው በመቁረጫው አጠገብ፣ ከርሱም ቀጥሎ ሲሊካ ጄል የተባለው ተን የሚመጥ እንክብል ያለበት ማድረቂያ ይቀመጣል፤ እንክብሉ ቀለሙን ሲለውጥ በልኩ ሙቀት ደርቆ እንደገና ያገለግላል። ለመጠጥ ውሃ የሚውለው የፕላስቲክ ቧንቧ ርካሽ ነው ተብሎ ለንፋስ መዋሉ ግን መቆም አለበት፤ በታመቀ አየር ሲፈነዳ እንደ ስለት የሚወጋ ስባሪ ይበትናል።

ከቶርቹ የሚወጣውም አየር ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ጢስ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል፤ ወባ በሚታወቅበት በዚህ አካባቢ ደግሞ ታማሚው በቀላሉ የወባ ሕመምተኛ መስሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ምን ሲቆርጥ እንደዋለ ለሐኪሙ መንገር አለበት። ወተት መጠጣት ለዚህ አይበጅም፤ ወተት ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይገባምና። የሚበጀው በር ከፍቶ ንፋስን ከጀርባ አድርጎ መቁረጥና ለብረት ጢስ የተሠራ ጭንብል ማድረግ ነው።

ውሃው ሳይወጣ የከረመበት ታንክ በመጨረሻ ከውስጥ ይዝጋል። ቀለሙ እንደ አዲስ እያበራ ግድግዳው ሳስቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሥሩ ያለው ቫልቭ በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ ተከፍቶ ውሃው እስኪያልቅ መፍሰስ አለበት። ወፍራም ቡናማ ዝቃጭ የሚያወጣ ወይም በብየዳው መገጣጠሚያ ላይ የሚያላብ ታንክ በላዩ ላይ ሊበየድ አይገባም፤ ከሥራ ወጥቶ ጥንካሬው በባለሙያ መለካት ይኖርበታል፤ የሚለካውም አየር ተሞልቶ ሳይሆን፣ አየሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በምትኩ ውሃ ከገባበት በኋላ በውሃው ግፊት ነው።