1954 ዓ.ም.፤ ዋንጫና ጥያቄ ያተረፈልን ዓመት

በመንጌ የማስተምራቸውን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ‹‹አንድ ዓመት ምረጡና በዚያ ዓመት በአገራችን የሆነውን ጽፋችሁ አምጡ›› ብዬ አዝዤ ነበር። አንዱ ልጅ 1954 ዓ.ም.ን መረጠ። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ ‹‹በአያቴ መታወቂያ ላይ የተጻፈው የልደት ዘመን እርሱ ነው። እርሳቸው ሲወለዱ አገሩ ምን ይመስል እንደ ነበረ ማወቅ ፈለግሁ›› አለኝ። መልሱ ደስ ስላሰኘኝ እኔም አብሬው መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርሁ። ያገኘነውን እነሆ ለአንባቢ አቀርባለሁ።

ዓመቱ የገባው በሩጫ ነው። በጳጉሜን 1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ የወርቅ ሜዳይ ያገኘው አበበ ቢቂላ፣ መስከረም 28 ቀን 1954 በቼኮዝሎቫኪያ፣ ዛሬ በስሎቫኪያ ውስጥ ባለችው በኮሺትሴ ከተማ በተደረገው የማራቶን ውድድር እንደ ገና አንደኛ ወጣ። የሮሙን ድል የዕድል ነገር አድርጎ የቆጠረ ሰው ቢኖር ከዚህ በኋላ የሚለው ነገር አልነበረውም።

ታኅሣሥ ግን ለአዲስ አበባ ሰው ቀላል ወር አልነበረም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ 1953፣ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሞክረው ነበር። ሙከራው በከሸፈ ጊዜ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች በጥይት ተመቱ፤ ከሞቱትም መካከል ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ይገኙበታል። ይኸው ቤተ መንግሥት ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተመረቀ። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ የምንለው ነው።

ደም የፈሰሰበት ቤት መጽሐፍ የሚገለጥበት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ አዲስ ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች ወደ ፊት ሲራመዱ ኢትዮጵያ ለምን ወደ ኋላ ቀረች የሚለውን የታኅሣሥ ጥያቄ የቤቱ መለወጥ ብቻውን አልመለሰውም። በየካቲት 1957 ‹‹መሬት ለአራሹ›› እያሉ አደባባይ የወጡት የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ።

ጥር ሲገባ የከተማው ወሬ ሁሉ ኳስ ሆነ። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተደረገ። በ1949 እና በ1951 ዋንጫውን የወሰደችው ግብፅ፣ ሁለቱንም ጊዜ የእኛን ቡድን 4 ለ 0 አሸንፋ ነበር። የይድነቃቸው ተሰማ ልጆች ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረቱ። ጥምቀት አልፎ በሁለተኛው ቀን፣ ጥር 13፣ ከግብፅ ቡድን ጋር ተገናኙ። ሁለት ጊዜ ተመርተው ሁለት ጊዜ አቻ ወጡ፤ ሁለተኛዋን ያገባው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም ዋንጫውን ለሉቺያኖ ሰጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሉቺያኖ የአስመራ ልጅ ነው። ከዚያ የደስታ ቀን አሥር ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 5 ቀን 1955፣ ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር ያገናኘው ፌዴሬሽን ፈረሰ፤ ጦርነቱም እስከ 1983 ዘለቀ። ወንድማማችነት በሜዳ ላይ ሲታይ የሚያምረውን ያህል በመንግሥት ሥራ ካልተጠበቀ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ አስረጅ የለም።

በዚያው ጥር፣ በ26ኛው ቀን፣ አንድ ደቡብ አፍሪካዊ በአዲስ አበባ በተደረገ የአፍሪካ ነፃነት ጉባኤ ላይ ንግግር አደረገ፤ ስሙ ኔልሰን ማንዴላ ነበር። ከካርቱም ሲመጣ የኢትዮጵያን አውሮፕላን የሚያበረው ጥቁር ሰው መሆኑን ባየ ጊዜ መደንገጡን ኋላ ራሱ ጽፏል። በክረምቱ ተመልሶ በኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ያዘ፤ ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ግን ሳይፈጸም ወደ አገሩ ተጠራና ሐምሌ 29 ቀን ተያዘ። ከእስር የወጣው ከ27 ዓመት በኋላ ነው።

የካቲት 8 ቀን ደግሞ እቴጌ መነን ዐረፉ። በስማቸው የተከፈተው የሴቶች ትምህርት ቤት ስንቱን የአገራችንን ሴት ለሥራ እንዳበቃ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ልጁ ይህን ሁሉ ጽፎ ካነበበልኝ በኋላ ቆም አለና፣ ‹‹መምህር፣ ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ነገር ነው። መንጌ ያን ዓመት ምን ሆነች?›› ሲል ጠየቀኝ።

መንጌ ያን ጊዜ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት፣ በአሶሳ አውራጃ ሥር ነበረች። የበርታ ሰው ማሽላውን ያርሳል፤ ከወንዙ አሸዋ ወርቅ ያጥባል፤ ከድንበሩ ማዶ ካሉት ዘመዶቹ ጋር ይጠያየቃል። ባገላበጥናቸው መጻሕፍት ውስጥ ግን የመንጌ ስም አንድ ጊዜም አልተነሣም። ልጁን፣ ‹‹ግማሹን ገጽ ባዶ ተወው፤ ደብተርህን ይዘህ ወደ ሽማግሌዎቹ ሂድ፤ በራሳቸው ቋንቋ ጠይቃቸው›› አልሁት። ማርክም ገና አልሰጠሁትም።

እናንተ በየአውራ መንገዱ ዳር በምትገኙ ከተሞች የምትማሩና የመንግሥት ሥራ የያዛችሁ ወጣቶች፣ አንድን ዓመት በዋንጫውና በምረቃው ብቻ አትለኩት። ሳይመለስ ያደረውን ጥያቄና ሳይጻፍ የቀረውን ሰውም ቁጠሩበት። የጎደለውን ገጽ የሚሞላው ከእናንተ ሌላ ማን አለ?