የሰይፉ ዋጋ በባልንጀራው ነው

ጨዋታ የሥራ ፈት ነገር ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ገበጣ ሲጫወቱ የሚውሉ ሽማግሌዎች ጠጠሩን የሚያንቀሳቅሱት በእጃቸው ብቻ ሳይሆን በሐሳባቸውም ጭምር መሆኑን የተመለከተ ሰው፣ ጨዋታ ሁሉ ከንቱ ነው ለማለት አይደፍርም። ዛሬ ለአንባቢ ላቀርበው የፈለግሁት በኮምፒዩተር ስለሚጫወቱት አንድ የውጊያ ጨዋታ ነው፤ ስሙም «ባልደርስ ጌት 3» ይባላል።

ይህን ጨዋታ ያዘጋጀው በቤልጂግ አገር በጌንት ከተማ የሚገኘው ላሪያን የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. ነው። የውጊያው ሕግ ግን ከዚያ ይቀድማል፤ ይኸውም ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 ካወጡት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ከተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ የተወለደ ነው። እስከ አራት የሚደርሱ ጓደኞች አንድ ቡድን ሆነው በየተራቸው ይዋጋሉ። ለመምታት የተነሣ ሰው ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ይጣልለታል፤ የወጣው ቁጥር ከችሎታው ጋር ተደምሮ ለጠላት መከላከያ ከተሰጠው ቁጥር ከደረሰ ምቱ ያርፋል፤ ካልደረሰ ሰይፉ አየር ቀዝፎ ይመለሳል።

እኔና ሦስት ጓደኞቼ ይህን ጨዋታ የጀመርን ዕለት ሁላችንም በሁለት እጅ የሚያዘውን ትልቁን መሣሪያ መረጥን። ጋሻ ልያዝ ወይም ካህን ልሁን የሚል ከመካከላችን ጠፋ። እያንዳንዳችን ጀግና ስንሆን ቡድናችን ግን በመጀመሪያው ከባድ ውጊያ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሒሳቡን መረመርሁ። ትልቁ ሰይፍ ሁለት ባለ ስድስት ፊት ዳይስ ስለሚጣልለት በአማካይ 7 ይጐዳል፤ ትልቁ መጥረቢያ አንድ ባለ 12 ፊት ስለሚጣልለት አማካዩ 6.5 ነው። ሰይፉ እንደ ደመወዝተኛ የታወቀ ነገር ያመጣል፤ መጥረቢያው ግን እንደ ነጋዴ ነው፤ አንድ ቀን 12፣ አንድ ቀን 1። በአንድ እጅ የሚያዘው ረጅም ጐራዴ አማካዩ 4.5 ብቻ ቢሆንም ሁለተኛው እጅ ጋሻ ይይዛል፤ ጋሻውም መከላከያውን በ2 ያሳድጋል። ከሃያው በዐሥሩ ይመታ የነበረ ጠላት በስምንቱ ብቻ ይመታል፤ ከአምስት ቁስል አንዱ ቀረ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነው። ከባድ መሣሪያ የያዘ ተዋጊ የሚማረው አንድ ዘዴ አለ፤ ከዳይሱ ቁጥር 5 ይቀነስበታል፤ ምቱ ካረፈ ግን ጕዳቱ በ10 ይጨምራል። ጥሩር የለበሰ ጠላት ገጥሞት ከሃያው በስምንቱ ብቻ የሚመታና በአማካይ 10 የሚጐዳ ሰው፣ በሃያ ሙከራ 80 ያገኛል። በዘዴው ቢመታ የሚሳካለት ሦስቱ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ 20 ቢጐዳም ድምሩ 60 ነው። ስለዚህ ዘዴው አክሳሪ ይመስላል። ነገር ግን ካህኑ ቢመርቀው ከ1 እስከ 4 ያለ ቁጥር ይጨመርለታል፤ አማካዩ 2.5 ነው። ያን ጊዜ ያለ ዘዴው 105፣ በዘዴው 110 ይሆናል! ሰይፉ ያው ሰይፍ፣ ክንዱም ያው ክንድ ነው፤ ዋጋውን የለወጠው ከኋላ የቆመው ባልንጀራ ነው። ምርቃቱም በአንድ ጊዜ ለሦስት ሰው ይደርሳል። ካህኑ ከቈሰለ ግን ሐሳቡ ሊበተንና ምርቃቱም ሊፈርስ ስለሚችል፣ ጋሻ የያዘው ሰው ከፊቱ መቆም አለበት።

ሁለተኛው ትምህርት አንድነት ነው። አራት ጠላቶች እያንዳንዳቸው 20 ነፍስ ቢኖራቸውና እኛ አራታችን እያንዳንዳችን በአንድ ተራ 10 ብንጐዳ፣ ለየብቻ ብንከፋፈላቸው አራቱም ቈስለው ይቆማሉ፤ አራቱም ይመልሳሉ። ሁለት ሁለት ሆነን ብንመታ ግን ሁለቱ ይወድቃሉ፤ የሚመልሱት ሁለት ብቻ ናቸው። ግማሽ የቈሰለ ጠላት ምቱ በግማሽ አይቀንስምና። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በቁጥር ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

በሚቀጥለው ጊዜ ካህን የሆንሁት እኔ ነበርሁ። በዚያ ምሽት የጣልሁት ጠላት አንድ ብቻ ነው፤ ሲጨርሱም ጓደኞቼ ያወሩት ስለ ሰይፋቸው እንጂ ስለ ምርቃቴ አልነበረም። የሆነ ሆኖ አሸነፍን።

በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ የገባን ወጣቶችም ሁላችን ትልቁን ሰይፍ እንመኛለን። መዝገቡን የሚያስተካክለው፣ ደብዳቤውን በጊዜው የሚያደርሰው፣ የባልደረባውን ስሕተት ሳይወጣ የሚያርመው ሰው ስሙ አይነሣም። እርሱ የጐደለ ዕለት ግን የሌሎቹ ሰይፍ ሁሉ አየር ሲቀዝፍ ይውላል።