አባባን ለማን አደራ እንስጥ?
በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች የእንክብካቤና የተሐድሶ አገልግሎትን ጥራት በምን እንለካለን?

ሐኪሙ የመውጫ ወረቀቱን ፈርሞ «ከዚህ በኋላ የሚያስፈልጋቸው እንክብካቤ ነው፤ ቤት ውሰዷቸው» ሲል ቤተሰብ መጀመሪያ ደስ ይለዋል። ደስታው ግን ከሆስፒታሉ በር አያልፍም። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን የያዛቸው አባት ከአልጋ ወደ ወንበር እንዴት ይዛወራሉ? ማን ያጥባቸዋል? አንዱ ልጅ አዲስ አበባ፣ አንዷ ውጭ አገር፣ ሌላው ጊምቢ ሥራ ላይ ነው። እናት ደግሞ ራሳቸው ደም ግፊት አለባቸው።

ውጭ አገር ያለችው ልጅ «ጥሩ ነርሲንግ ሆም ፈልጉላቸው» ትላለች። እኛ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የሚታወቀው ጧሪ ያጡትን ከጎዳና በማንሳት ነው። ወላጅን ከፍሎ ለድርጅት መስጠት ግን በወለጋ የተለመደ አይደለም። ስለዚህ ቤተሰብ የሚመርጠው ከሦስት ነገሮች ነው፤ የሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል፣ የአካል ተሐድሶ ማዕከል ወይም ቤት ድረስ የሚመጣ ነርስ። ብዙ ጊዜም ሦስቱን አጣምሮ ይጠቀማል።

በአቅራቢያ ምን አለ?

ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ነቀምቴ የመንግሥት ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል አሉ። በምዕራብ ወለጋ ደግሞ የጊምቢ አድቬንቲስት ሆስፒታልና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የአይራ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን አገልግለዋል። እግር ለተቆረጠ፣ ፖሊዮ ወይም ሌላ ጉዳት እጅና እግሩን ላደከመበት ሰው ነቀምቴ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አላት። ማዕከሉ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ድጋፍ ካደረገላቸው የኢትዮጵያ ማዕከላት አንዱ ነው። በእንዲህ ዓይነት ማዕከል ሰው ሠራሽ እግር፣ የእጅና የእግር ድጋፍ፣ ክራንች፣ ዊልቸርና ፊዚዮቴራፒ ይገኛል። ከመሄድዎ በፊት የሚፈለገው ዕቃ መኖሩን፣ ክፍያውንና የጤና መድኑ የሚሸፍነውን በስልክ መጠየቅ ድካም ያተርፋል።

ከሕንፃው በፊት አልጋውን ይዩ

የሚያብረቀርቅ ወለል ጥራትን አያሳይም፤ የታካሚው ጀርባ ግን ያሳያል። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ወገቡ፣ ዳሌውና ተረከዙ ላይ የአልጋ ቁስል ሊወጣ ይችላል። ነርሷን «መቼ መቼ ታገላብጧቸዋላችሁ? የት ነው የምትመዘግቡት?» ብለው ይጠይቁ። መዝገቡን ካሳየችዎት መልካም ነው። «አይዞዎት፣ እንከታተላለን» ብቻ ካለችዎት አንሶላውን ገልጠው ራስዎ ይመልከቱ። የቀላ፣ ሲጫኑትም ቀለሙን የማይለውጥ ቆዳ የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅ ዳሰው ሙቀቱንና ጥንካሬውን ይለዩ።

ቀጥሎ የምግብ ሰዓት ይምጡ። ስትሮክ የያዘው ሰው መዋጥ ሊቸግረው ይችላል። ጋደም እንዳለ ውኃ የሚያጠጣ አስታማሚ ካዩ ዝም አይበሉ፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያስከትላል። ጥሩ ባለሙያ ቀና አድርጎ አስቀምጦ፣ በትንሽ በትንሹ እየሰጠ፣ እስኪውጡ ይጠብቃል።

ፊዚዮቴራፒስቱን ምን እንጠይቅ?

«በአንድ ወር ውስጥ ምን እንዲችሉ ነው የምንሠራው?» ይበሉ። መልሱ የሚለካ መሆን አለበት፤ ሳይደገፉ መቀመጥ፣ ከአልጋ መነሳት፣ መጸዳጃ ቤት መድረስ። ከስትሮክ በኋላ ከፍተኛው መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አካባቢ ስለሆነ «ትንሽ ይረፉና እንጀምራለን» የሚለው ምክር ብዙ ያስከፍላል። ጥሩ ባለሙያ ለቤተሰቡም ያስተምራል። እሱ ታካሚውን የሚያገኘው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ቀሪው ጊዜ የእናንተ ነው።

ሰው ሠራሽ እግር ከሆነ ጉቶው በጀሶ ተለክቶ፣ እግሩም ተሞክሮ፣ ታካሚው በብረት ድጋፎቹ መካከል መራመድ ተለማምዶ ነው መረከብ ያለበት። ካቆሰለ ተመልሶ መስተካከሉን፣ ለሕፃናትም ሲያድጉ መቀየሩን ይጠይቁ። ዊልቸርም እንደ ጫማ ልክ አለው። ትራስ የሌለውና የሰፋ ዊልቸር ቁስል ያመጣል።

በሩንም አይርሱት። የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው ያዛል። ታካሚውን አራት ሰው ተሸክሞ የሚያስገባበት ማዕከል ስለ ሌላውም ነገር ፍንጭ ይሰጣል።

ክብርና ቋንቋ

ዕድሜያቸውን ሙሉ በኦሮምኛ የኖሩ አባት ሕመማቸውን በሌላ ቋንቋ እንዲያስረዱ መገደድ የለባቸውም። ነርሷ ገብታ «አካም ጂርቱ» ስትላቸው ፊታቸው እንዴት እንደሚፈታ ያስተውሉ። ሲታጠቡ መጋረጃ ይሳባል? በስማቸው ይጠራሉ ወይስ «አልጋ ቁጥር ስድስት» ይባላሉ? ከሁሉ በላይ ደግሞ እሳቸውን ብቻቸውን ይጠይቋቸው። ሠራተኛው ፊት ዝም የሚሉ ሰው ልጃቸው ሲቀር ይናገራሉ።

ወጌሻውና አንጮቴው

አጥንት ሲሰበር ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። አንጮቴ ቀቅሎ ማብላትም የወለጋ ወግ ነው፤ ካልሲየም ያለው ምግብ ስለሆነ ይብሉት። ሐሳብ የሚያስፈልገው ማሰሪያው ላይ ነው። ከልክ በላይ የጠበቀ ማሰሪያ የደም ዝውውርን ዘግቶ እስከ እግር መቆረጥ ያደርሳል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከባሰ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ ሆስፒታልም የዚያኑ ሰዓት ይኬድ። እስከ ነገ የሚያቆይ ነገር አይደለም።

ነርስ ቤት ስትመጣ

የሙያ ፈቃዷን ይዩ፤ መታወቂያ ብቻ አይበቃም። ከዚህ በፊት ያገለገለቻቸውን ሁለት ቤተሰቦች ያነጋግሩ። እጇን ሳትታጠብ ቁስል የምትነካ ከሆነ ሌላ ፈተና አያስፈልግም። መድኃኒት የተሰጠበትን ሰዓት፣ ደም ግፊትና የተገላበጡበትን ጊዜ የምትጽፍበት አንድ ደብተር ከአልጋው አጠገብ ያስቀምጡ። ሩቅ ያሉት ልጆች የዚያን ደብተር ገጽ ፎቶ በየማታው ቢጠይቁ ከብዙ «ደህና ናቸው» የተሻለ ያውቃሉ።

በመጨረሻም ሳይነግሩ ይሂዱ፤ ጠዋት አንድ ቀን፣ ማታ አንድ ቀን፣ እሑድ አንድ ቀን። ጠያቂ የሚመጣበት ሰው የተሻለ ይጠበቃል። አደራ የሰጠ ሰው አደራውን ሄዶ ሊያይ ይገባል።