የመዝገብ ማኖሪያው ሰርቨር ደጋግሞ ሲጠፋ

ደንበኛው ያለበትን ዕዳ፥ በመጋዘኑም የቀረውን ዕቃ በቤቱ በሚገኝ አነስተኛ ሰርቨር የሚመዘግብ ነጋዴ፥ መሣሪያው በድንገት እየጠፋ ቢያስቸግረው አዲስ ዲስክ ለመግዛት ሊቸኩል አይገባውም፤ ጥፋቱ ከዲስኩ ላይሆን ይችላልና።

አስቀድሞ መዝገቡን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጥ፤ ነገር ግን በቀድሞው ግልባጭ ላይ አይደርብበት። ቀጥሎ ሰርቨሩ ሥራውን የሚጽፍበትን ሎግ ይመልከት። ጽሑፉ አንዳች ስሕተት ሳያሳይ የተቋረጠ እንደ ሆነ፥ በፓወር ሰፕላዩና በሙቀት ላይ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ አቧራውን ይጥረግ፥ ማራገቢያው መዞሩን ይይ፥ ፓወር ሰፕላዩንም በሌላ ለውጦ ይሞክር። የስሕተቱ ዓይነት በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ፥ ራሙን ሜምቴስት 86 ፕላስ በተባለው ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ያስመርምር፤ ስሕተት ቢገኝ ራሞቹን አንድ በአንድ እያወጣ ይፈትን። ሎጉ ዲስኩን ማንበብ አለመቻሉን ሲያመለክት ግን፥ ገመዱንና ስማርት የሚባለውን የዲስኩን የጤንነት መግለጫ ይመርምር።

ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የጥፋቱን ምንጭ ለይቶ አያውቅም። በሬይድ የተጣመሩ ሁለት ዲስኮችም ግልባጭን አይተኩም፤ በስሕተት የተሰረዘ መዝገብ ከሁለቱም ይሰረዛል። ስለዚህ አንድ ግልባጭ ምንጊዜም ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጥ።